እርማት፦ ቀዝቃዛ ፊውዥንን ማንም አላፈነውም

«እ.ኤ.አ. በ1989 በክፍል ሙቀት የሚሠራ ፊውዥን ተገኝቶ ነበር፤ የነዳጅ ኩባንያዎች አፍነው አስቀሩት» ብለሃል ወንድሜ። ፊውዥን ማለት የአቶም አስኳሎች ተዋህደው ኃይል ሲሰጡ ነው፤ በክፍል ሙቀት ይሠራል የተባለው ደግሞ «ቀዝቃዛ ፊውዥን» ይባላል። ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም።

አገኘነው ያሉት ኬሚስቶች ፖንስና ፍላይሽማን አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ መግለጫ እንደሰጡ፣ የአሜሪካዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ኤምአይቲና ካልቴክ፣ እንዲሁም የእንግሊዙ የምርምር ማዕከል ሃርዌል ወዲያው ሞከሩት። አልሠራም። ዋናው ጉዳይ ኒውትሮን (የአቶም አስኳል ውስጥ ያለ ቅንጣት) ነው። ሁለት ዲዩቴሪየሞች (ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት) በታወቀው መንገድ ሲዋሃዱ፣ ለአንድ ዋት ኃይል ብቻ በሴኮንድ 1 ትሪሊዮን ገደማ ኒውትሮን ይወጣል። ያሉት ሙቀት ከዚያ የመጣ ቢሆን ኖሮ አጠገቡ የቆሙት ሁሉ በጨረር ባለቁ ነበር!

ደግሞስ ገንዘብ መች ጠፋ? ሁለቱ ሰዎች በቶዮታ ገንዘብ ፈረንሳይ ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። ጉግልም ወደ 30 ለሚጠጉ ተመራማሪዎች ወጪውን ሸፍኖ እንደ አዲስ አስፈተሸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ፦ ቀዝቃዛ ፊውዥን ስለመኖሩ ምንም ማስረጃ አላገኙም።