ማግኔቱ ይግባ፣ ማከፋፈያው ይቅር

ሻንጣው ወለሉ ላይ አፉን ከፍቷል። አልጋው በዕቃ ተሸፍኗል። ወዳጃችን ለመጀመሪያ ጊዜ በክሩዝ (በሽርሽር) መርከብ ልትጓዝ ነው፤ ካሪቢያን፣ ሰባት ሌሊት። የተዘረጋውን ላየ ግን ጓዟን ጠቅልላ የምትሄድ ነው የምትመስለው።

ልንሰናበታት ነበር የሄድነው። ተቀምጠን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ክርክር ተነሣ። ተከራካሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ በአንዲት የጀርባ ቦርሳ ብዙ አገር የዞረ ሰው ነው፤ ትልቅ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ሲያይ ከልቡ ያዝናል። ሁለተኛው መርከብ ላይ ለዓመታት የእንግዳ ክፍል ሲያሰናዳ የኖረ ልጅ ነው። ሦስተኛዋ በነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እኔ በክሩዝ የሄድኩት አንዴ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የሚያኮራ አልነበረም፤ እደርስበታለሁ።

ነገሩን የቆሰቆሰው ባለ ጀርባ ቦርሳው ነው። ከክምሩ ውስጥ መንጠቆ ያለው ክብ ብረት አነሣ።

"ይኼ ደግሞ ምንድነው?"

"የማግኔት ማንጠልጠያ። ክፍሌ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው።"

"ማግኔት የሚይዝ ግድግዳ የት አለ? ፍሪጅ ውስጥ ነው እንዴ የምታድሪው?"

ሳቅን። የመርከቡ ልጅ ግን አልሳቀም። "ፍሪጅ ባይሆንም ብረት ነው" አለ። የአብዛኞቹ መርከቦች የክፍል ግድግዳ በስስ ሽፋን የተለበጠ ብረት ነው፤ እሳት ቢነሣ ቶሎ እንዳይዛመት። ምስማር መምታት አይታሰብም። ክፍሉ ደግሞ ጠባብ ነው። እርጥብ የዋና ልብስ፣ ኮፍያ፣ የእጅ ቦርሳ፣ የየዕለቱ ፕሮግራም የተጻፈበት ወረቀት፣ ሁሉም የት ይቀመጥ? "አምስት ማንጠልጠያ ያለው እንግዳና ምንም የሌለው እንግዳ ክፍል ስገባ በዓይን ይለያል" አለ።

ባለ ጀርባ ቦርሳው አላመነም። ጥግ ላይ ወዳለው የብረት ቁም ሳጥን ሄዶ ማንጠልጠያውን ለጠፈው። ጧ ብሎ ያዘ። ቦርሳውን ሰቀለበት። ማግኔቱ አልወደቀም፤ ግን እያየነው ቀስ እያለ፣ እንደ ቀንድ አውጣ፣ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ።

"ይኸው!" አለ በድል።

"ቀጥታ ስበህ ለመንቀል ሞክር እስቲ" አለው ልጁ።

ሞከረ። ጣቱ ቀላ እንጂ አልነቀለውም። ማግኔት ቀጥታ ሲስቡት ብርቱ ነው፤ ሸክሙ ወደ ታች ሲጎትተው ግን ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ኪሎ ግድግዳ ላይ የማይሠራው። ቀላል ነገር ግድግዳ ላይ፣ ከበድ ያለው ጣሪያው ላይ ይሰቀላል፤ ጣሪያውም ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

የማግኔቱ ነገር እንዲህ ካለቀ በኋላ ልጁ ራሱ ጠበኛ ሆነ። አልጋው ላይ አንድ ወፍራም ባለ ስድስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ነበር፤ ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለው፣ ቀይ መብራት የሚያበራ።

"ይኼ አይገባም።"

"እንዴት አይገባም? ክፍል ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ሁለት ብቻ ነው ብለውኛል። ሻጩም 'ለጉዞ ነው፣ አይቃጠልም' ብሎኛል።"

"ሻጩ የሚያውቀው የቤት ኮረንቲ ነው።"

ሲያስረዳ እጁን እያወናጨፈ ነበር። ቤት ውስጥ ካሉት ሽቦዎች አንዱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ መርከብ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ሁለቱም ሽቦ ኮረንቲ ይይዛል። ሰርጅ ፕሮቴክተር የተሠራው ትርፍ ኮረንቲን ወደ መሬት እንዲሰድ ነው። መርከብ ላይ መሬቱ የመርከቡ አካል ነው። አንድ ቦታ ብልሽት ሲፈጠር ያ ዕቃ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ይነዳል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ እ.ኤ.አ. በ2013 ስለዚሁ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሻንጣው መግቢያ ላይ ሲፈተሽ ዕቃው ይያዛል፤ የሚመለሰው ጉዞው ሲያልቅ ነው።

"ታዲያ ስልኬን በምን ልሙላ?"

"ባለ ብዙ ዩኤስቢ ቻርጀር ያዢ፤ ሰርጅ የሌለው፣ ረጅም ገመድ የሌለው። እሱንም ቢሆን የኩባንያሽን የክልከላ ዝርዝር አንብበሽ። ሁሉም እኩል አይፈቅዱም፤ ማንኛውንም ማከፋፈያ የሚከለክሉ አሉ።"

ባለ ጀርባ ቦርሳው ጣልቃ ገባ። "አንድ ቻርጀር፣ አንድ ፓወር ባንክ። አለቀ።" ፓወር ባንኩ ላይ ማንም አልተከራከረውም። እትዬ ብቻ "አውሮፕላን ላይ የእጅ ሻንጣ ውስጥ እንጂ የሚጫነው ውስጥ እንዳትከቺው" አሉ። ካውያውን፣ ሻማውንና የውኃ ማፍያውን ልጁ አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ጥግ ወረወረ። እንዲህ ያለ የሚግል ነገር ብዙ ጊዜ ክልክል ነው። ባለ ዥንጉርጉር የወታደር ኮፍያዋም ተከተለ፤ ባርቤዶስና ጃማይካን የመሰሉ የካሪቢያን አገሮች ሲቪል ሰው እንዲህ ያለ ልብስ እንዳይለብስ በሕግ ይከለክላሉ። "ለፎቶ ነበር እኮ" አለች ቅር ብሏት።

ከዚያ እትዬ ተራቸውን ወሰዱ። እስካሁን ዝም ያሉት አንድ ነገር እየፈለጉ ነበር።

"የማጥወልወል መድኃኒትሽ የታለ?"

"መርከቡ ላይ አለ ብለውኛል።"

"አለ፣ በነፃ የሚሰጡም አሉ" አለ ልጁ። "ደግሞ ትልልቆቹ መርከቦች ብዙም አይናወጡም። አይከን ኦፍ ዘ ሲስን ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው። 365 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ሃያ ፎቅ ነው። ምን ያነቃንቀዋል?"

"አንተ ስንቱን ሲያስታውክ አይተሃል?"

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ "ኧረ ብዙ" ብሎ ሳቀ።

እትዬ የሚሉት እንዲህ ነው። የውስጠኛው ጆሮ "እየተንቀሳቀስን ነው" ይላል፤ ዓይን ደግሞ አራት የቆሙ ግድግዳዎች ያያል። አእምሮ ማንን ይመን? ማጥወልወሉ ከዚህ ይመጣል። አንዴ ማስመለስ ከተጀመረ የተዋጠ ክኒን ሆድ ውስጥ አይቆይም፤ ስለዚህ የሚወሰደው ቀድሞ ነው። እንቅልፍ ያመጣል፤ አልኮል ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የስኮፖላሚን ፕላስተርም መድኃኒቱ ከሚያስፈልግበት ጊዜ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ መለጠፍ አለበት፤ አንዱ ሦስት ቀን ይሠራል። ግላኮማ ላለበት ሰው ግን አይሆንም፤ ሐኪም ሳያዩ አይለጠፍም።

"ከለጠፍሽ በኋላ እጅሽን ታጠቢ" አሉ ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ። "አንዲት ሴት ፕላስተሩን ነክታ ዓይኗን አሸች። የአንዱ ዓይኗ ብሌን ብቻ ተበልጥጦ ቀረ። ስትሮክ መታኝ ብላ እየጮኸች መጣች።"

ባለ ጀርባ ቦርሳው እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ማስታወክ ይከላከላል የሚባል ማሰሪያ አንሥቶ "ይኼስ?" አላቸው። "መጉዳቱንስ አይጎዳም" ብለው መለሱለት። የድምፃቸው ቃና መልሱን ነገረን።

ስለ እጅ መታጠብ ሲነሣ ዓይናቸው ስድስት የእጅ ማጽጃ ጄሎች ላይ አረፈ። አምስቱን አስወጡ። መርከብ ላይ ሆድ የሚያጣድፈው፣ ስሙ ሁሌ የሚነሣው ኖሮቫይረስ ነው፤ በአልኮል ጄል ደግሞ እምብዛም አይሞትም። የሚያስለቅቀው ሳሙናና ውኃ ነው። "ጄሉን ተቀብተሽ ታጠብኩ እንዳትዪ" አሏት።

በእትዬና በባለ ጀርባ ቦርሳው መካከል ትልቁ ጠብ የተነሣው በትንሿ ዕቃ ነው፤ በባትሪ በምትሠራ የሌሊት መብራት። "የሕፃን ልጅ ነገር ነው" አለ እሱ። እሳቸው ተቆጡ። ወዳጃችን የያዘችው መስኮት የሌለው ክፍል ነው። መብራቱ ሲጠፋ ቀን ይሁን ሌሊት አይታወቅም፤ እጅን ከፊት ቢያደርጉት አይታይም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ከፍ ያለ ደፍ አለው። "ሌሊት ተነሥታ እግሯን ደፉ ላይ ስታጋጨው አንተ ትደርስላታለህ?" ልጁም ከእሳቸው ጋር ቆመ፤ የመታጠቢያ ቤት መብራት አብርተው በሩን ገርበብ አድርገው የሚተኙ እንግዶች ስንት እንደነበሩ ነገረን።

ቀጥሎ የእጅ ሰዓት። ርካሽ፣ ፕላስቲክ። "ስልክ እያለ?" አለ ባለ ጀርባ ቦርሳው፤ ይህኛውን እኔም ልደግፈው ቃጣኝ። ልጁ ግን ስልክ ወደብ ላይ ሲደርስ ራሱን በራሱ የአገሩን ሰዓት እንደሚሞላ አስታወሰን። መርከቡ ደግሞ በራሱ ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። የወደቡ ሰዓት ከመርከቡ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከሆነ አንድ ሰዓት ዘገየህ ማለት ነው። የመመለሻው ሰዓት መውጫው ላይ በመርከቡ አቆጣጠር ይጻፋል፤ በራሱ ታክሲ የወጣን ሰው መርከቡ አይጠብቅም። "ከላይ ሆኜ አይቻለሁ" አለ፤ "ባልና ሚስት ወደቡ ላይ ፌስታላቸውን ይዘው ሲሮጡ። ገመዱ ተፈትቶ ነበር።"

ስልኩም ሌላ ጣጣ አለው፤ ባሕር ላይ የመርከቡን የሳተላይት ኔትወርክ ይይዝና ሒሳቡ ቤት ድረስ ይከተላል። ከወደቡ ሲነሡ ኤርፕሌን ሞድ፣ ከዚያ ዋይፋይ ብቻ። ይሄ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስድም።

የሩቅ ማያ መነጽሩ ላይ ብዙ አልቆየንም። አሥራ ሁለት ጊዜ የሚያቀርብ ነው የገዛችው። በሚወዛወዝ ነገር ላይ ቆመው ሲያዩበት ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሰባት ወይም ስምንት ይበቃል። ትመልሰዋለች።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ። ወደብ ስንደርስ ትልቁን ሻንጣ ተቀበሉኝ። በእጄ የቀረው ፓስፖርትና ስልክ ነው። እግዜር ይስጣቸው ብዬ ቀለል ብሎኝ ገባሁ። ሻንጣው ክፍሌ በር ላይ የደረሰው ግን ከእራት በኋላ ነው። የዋና ልብሴ እዚያ ውስጥ፣ መነጽሬ እዚያ ውስጥ፣ የደም ግፊት ክኒኔ እዚያ ውስጥ፣ ቻርጀሬ እዚያ ውስጥ። ሰው ሁሉ ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቅ እኔ በጂንስ ሱሪ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ፣ ዘጠኝ በመቶ የቀረው ስልክ ይዤ፣ የምግብ ዝርዝሩን ማንበብ አቅቶኝ ዋልኩ። ይህን ስነግራቸው ባለ ጀርባ ቦርሳው በሳቅ ፈነዳ። ፈርዶብኛል፤ ልክ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ባለ ጀርባ ቦርሳው በብዛቱ ጉዳይ ትክክል ነበር፤ ከአልጋው ላይ ከግማሽ በላዩ መርከቡ ራሱ የሚሰጠው ነገር ነው። የገንዳ ፎጣ፣ ፀጉር ማድረቂያ፣ ሳሙና ምን ያደርግላታል? የክፍሉን ካርድ አንገት ላይ የሚያንጠለጥለው ገመድም ኪስ ላለው ሰው ትርፍ ነው። የተሳሳተው መርከብን እንደ ሆቴል መቁጠሩ ላይ ነው። ሆቴል ብረት ግድግዳ የለውም፤ የራሱ ሰዓት የለውም፤ ጥሎህ አይሄድም። የመርከቡ ልጅ ስለ ዕቃ በተናገረው ሁሉ አሸንፏል፤ ስለ ማጥወልወል ግን እሱ የለመደ ሰው ነው፣ የለመደ ሰው ምስክርነት አይያዝለትም። እትዬን እከተላለሁ። ከሁሉም በላይ ግን እኔ ራሴን እከተላለሁ፦ ከማግኔቱም ከሰዓቱም በፊት የሚገዛው በትከሻ የምትያዝ ትንሽ ቦርሳ ናት። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ መነጽር፣ ቻርጀር፣ የዋና ልብስ። የመጀመሪያው ቀን በእሷ ይታለፋል።

ወዳጃችን ሁሉንም ሰማች። ማከፋፈያው ቤት ቀረ። ሻንጣው ያለ ትግል ተዘጋ።

በማግስቱ ከወደቡ ደወለች። "ማንጠልጠያዎቹ አምስት ነበሩ፣ አራት ነው ያሉት። አንዱን የት አደረጋችሁት?"

ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ማንም መንቀል አልቻለም።