ሳይነሱ የሚወጡት ተራራ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። እሑዶቹንና እንቁጣጣሽን ጣል ሲያደርጉበት ሦስት ሳምንት ገደማ ይሞላል። ሰነፍ ይህን ዕረፍት ይተኛበታል። የእኛ መሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ተራራ ያቅዱበታል። እጅ ነሥቼላቸዋለሁ።

የዘንድሮው ምርጫ ባሌ ነበር። «ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር» የተባለው የቴሌግራም ቡድን በሚያዝያ ተከፈተ፤ ሰኔ ሳያልቅ 43 ሰው ገባበት። እንዲህ ያለ ትጋት በሥራ ሰዓት አይቼ አላውቅም። (ሁሉም የተከናወነው በሥራ ሰዓት ነው።) የቀይ ቀበሮ ፎቶግራፍ ተለዋወጥን፤ ዲንሾ ስንደርስ ማን ከማን ጋር ድንኳን እንደሚጋራ ተደለደለ፤ የሚያንኮራፉ ሰዎች ስም ዝርዝር እንኳ ወጣ። አንድ ባልደረባችን ብቻ የአዲስ አበባው ቱሉ ዲምቱ መስሎት «ታክሲ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀና ተሳቀበት። እውነቱን ለመናገር ከሁላችንም ቱሉ ዲምቱን የረገጠ እሱ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ደርሶት እዚያ ይኖራል።

ከሁሉ የመሰጠኝ የንፍሮው ክርክር ነው። ጉዞው ረቡዕ ላይ ስለሚውል ጾም ነው፤ ስለዚህ ስንዴና ሽምብራ ይቀቀል ተባለ። ይህን ጊዜ የሒሳብ ክፍሉ ሰው ብቅ ብሎ፣ በ4,000 ሜትር ከፍታ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሽምብራው በቀላሉ እንደማይበስል አስረዳ። ትክክል ነው፣ ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አራት ቀን ተከራከርን። እዚሁ ቀቅለን እንውሰድ ያለ ነበር፤ መንገድ ላይ ይሻግታል ያለም ነበር። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠና ዳቦ ቆሎ አሸነፈ፤ ኃላፊነቱም ለእኔ ተሰጠ። ሽምብራው እስከዚያች ሰዓት አልተገዛም ነበር።

የቡድናችን አስተባባሪ የተራራ ጫማ ገዝቷል። ሶሉ ሦስት ጣት የሚያህል፣ ማሰሪያው እስከ ቅልጥሙ የሚወጣ። እግሩ እንዲላመደው እያለ ከግንቦት ጀምሮ ቢሮ አድርጎት ይመጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ሲራመድ አለቃችን እንኳ ቀና ብለው ያያሉ። ቢሯችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሲዘገይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጫማው ለባሌ እንጂ ለደረጃ አልተገዛማ።

ያሳፈረችን ሻይ የምታፈላልን እህታችን ናት። ብርጭቆ ስትሰበስብ ጨዋታችንን ሰምታ፣ «ሳነቲን ነው እንዴ የምታወሩት? እኔ እኮ የጎባ ልጅ ነኝ። ደሎ መና አክስቴ ዘንድ ስንሄድ በአይሱዙ ተጭነን በዚያው ነበር የምናልፈው። ብርዱ ነው እንጂ ምን አለው! ቱሉ ዲምቱም ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣል» አለችን።

ቡድኑ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ጸጥታ ሰፈነ። ዕቅዳችን ሊፈጸም የሚችል መሆኑ ሳይታሰብ ተጋለጠ! ደግነቱ አስተባባሪያችን ቆራጥ ሰው ነው፤ መኪና የሚወጣበት ተራራ የእኛን ደረጃ እንደማይመጥን ገልጾ የቡድኑን ስም በዚያው ምሽት «ኪሊማንጃሮ፣ 5,895 ሜትር» ብሎ ቀየረው። ታንዛኒያ ለመሄድ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ፓስፖርት ለማሳደስ ቀጠሮ፤ ለቀጠሮው ደግሞ ዕቅድ። ሁላችንም እፎይ አልን።

ፈቃዳችን እንደ ወትሮው ነሐሴ ላይ ዋለ። እኔ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ ስቀያይር ከረምኩ፤ ዳቦ ቆሎውንም ልጆቼ ጨረሱት። ሌሎቹ «ዝናቡ ይለፍ»፣ «መስቀል ይለፍ» ሲባባሉ ቆዩ። አዋጁም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አስቦ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይተላለፍ ገደብ አበጅቷል። ተራራን በተመለከተ ግን ምንም ያስቀመጠው ገደብ የለም።

መስከረም ላይ ሥራ ስንገባ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል። አስተባባሪያችን ጫማውን አጥልቆ ከደረጃው ግርጌ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። «እንውጣ እንጂ» አልኩት።

«ትንሽ እንጠብቅ፣ ይመጣል» አለኝ፤ «ጫማው ገና አልተላመደኝም።»