ጋፋትን የረሳን ሆይ

ወገኖቼ ሆይ፣ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል አምሳያ እያየን በአባቶቻችን ብልሃት የምንኮራ ብዙዎች ነን፤ መድፉ የተሠራበትን ጋፋትን ግን ከደብረ ታቦርና ከአካባቢዋ ሰው በቀር ስንቶቻችን እናውቀዋለን? የምወቅሰው የምወደውን ሕዝብ ነውና ቃሌን አላለዝብም።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ያለ ስፍራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከስዊዘርላንድ፣ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡትን ሚስዮናውያንና ሌሎች አውሮፓውያን ባለእጆችን በዚያ አስፍረው መሣሪያ እንዲሠሩ አዘዙ። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡት ሰዎች መድፍ መሥራት አንችልም ቢሉ አገልጋዮቻቸው ታስረው ተገደዱ፤ በ1859 ዓ.ም. ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ መድፉን በሠረገላ አስጭነው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እየጎተተው፣ ገደሉ እየተናደ መንገድ እየተጠረገ፣ ራሳቸውም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ድንጋይ እያነሡ፣ ከ1860 ዓ.ም. መባቻ እስከ መጋቢት ድረስ ተጓዙ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ፤ እንግሊዞችም ብራናውንና ዘውዱን ዘርፈው ሲመለሱ ባለእጆቹ አብረዋቸው ወጡ። ከእነርሱ አንዱ፣ ዋልድማየር፣ ኋላ በሊባኖስ ብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። ጋፋት ላይ ግን ከሰል ያከሰሉት፣ ወናፍ የነፉት፣ ጭቃ የረገጡት ያገራችን ሰዎች ስማቸውን እንኳ የምንጠራላቸው አልሆኑም።

ይህን ሁሉ በእንግሊዝ ማሳበብ ይቀናናል። ዘውዱን የወሰደው እርሱ መሆኑ እውነት ነው፤ ሙያውን የጣልነው ግን እኛ ነን። ማረሻችንንና ማጭዳችንን የሚሠራልንን ሰው ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን ከማዕዳችን አራቅነው፤ ልጁንም ለልጃችን አናጭም አልን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሳደበውን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከአፋችን አልጠፋም። ብረት ሠሪን እየናቁ በመድፍ መኩራት እንዴት ያለ ነገር ነው? ይህን ጥያቄ እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ፣ በተለይም ልጅ ስትድሩ፣ ለራሳችሁ መልሱ።

የደብረ ታቦርና የፋርጣ ሰዎች፣ አደራው የቀረበው ወደ እናንተ ነው። ከጋፋት ለቤት መሠረትም ሆነ ለአጥር ድንጋይ አታንሡ። በማሳችሁ ሞፈር የሚያወጣውን ጥቁር የብረት ዝቃጭም ሆነ አሮጌ ብረት ለቁራሌው አትስጡ፤ ለእርሱ በኪሎ የሚመዘን ዕቃ ነው፣ ለተመራማሪ ግን ምድጃው የት እንደነበረ የሚናገር ምስክር ነውና ካለበት ሳታነቃንቁ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ወደ ስፍራው ውሰዱ፤ ስትወስዱም አንድ ቀጥቃጭ ወናፉን ይዞ መጥቶ ብረት እንዴት እንደሚግልና እንደሚቀጠቀጥ በክብር ያሳያቸው።

ሹማምንት ሆይ፣ የጋፋትን ስም ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ መስጠት ለእናት ስፍራው ጥበቃ አይሆነውም። ወሰኑ በካርታ ይለይ፣ ጠባቂ ይቆምለት፣ የሚመጣው ክረምት ሳይገባም ሥራው ይጀመር።