ያልፋል፣ አያልፍም

ሄሊኮፕተሩ ተራራ ተሻግሮ፣ ነፋስ ተቋቁሞ በሰላም ይመጣል። ከዚያ ማቆሚያው ጋ ሲደርስ፣ በሰው እርምጃ እየተጠጋ ሳለ፣ የሮተሩ፣ ማለትም አናቱ ላይ የሚሽከረከረው ክንፍ፣ ጫፍ የሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ጥግ ይመታል። ወይ የመብራት ምሰሶ። ወይ ጎኑ የቆመ ሌላ ሄሊኮፕተር። እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ሰው ሁሉ «እንዴት እዚህ ደርሶ?» ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። አብራሪው ቦታው ጠባብ መሆኑን እያየ ለምን ገባ?

መኪና የለመደ ዓይን ነገሩን ያቀልለዋል። መኪና ሲያቆሙ ቢነካ ጭረት ነው፤ ቀለም ይቀባል፣ አለቀ። አር 44 የሚባለውን ትንሽ ሄሊኮፕተር እንውሰድ። የሚይዘው 4 ሰው ነው። ሮተሩ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ነው። ሄሊኮፕተሩ ንቅንቅ ሳይል እንኳ የክንፉ ጫፍ በሰከንድ ከ200 ሜትር በላይ ይከንፋል። ግድግዳ ከመታ ስብርባሪው የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1977 ኒው ዮርክ፣ የፓን አም ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያረፈ ሄሊኮፕተር ሮተሩ እየዞረ ተሳፋሪ ሲጭን የማረፊያ እግሩ ተሰብሮ በጎኑ ወደቀ። 5 ሰዎች ሞቱ። አንዷ ታች በመንገድ ስትሄድ የሮተር ስባሪ ያገኛት እግረኛ ነበረች። ያኛው የብረት ድካም፣ ማለትም ብረቱ በአገልግሎት ብዛት መሰንጠቁ፣ እንጂ የአብራሪ ጥፋት አልነበረም። ቢሆንም ሮተሩ እየዞረ ሄሊኮፕተር «ቆሟል» ለሚል ሰው ይህንን ነው የምነግረው።

ጭራው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አብራሪው ኋላውን አያይም። አፍንጫውን ወደ ግራ ሲያዞር ጭራው ወደ ቀኝ ይጠርጋል። ዓይኑን ፊት ለፊቱ ያለው አጥር ላይ ተክሎ ሳለ የጭራው ሮተር የማን ጎረቤት እንደሆነ በሐሳቡ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጎማ የሌላቸው፣ በብረት እግር የሚያርፉት ደግሞ መሬት ላይ አይነዱም። ትንሽ ከፍ ብለው እያንዣበቡ ነው የሚጠጉት። ቁልቁል የሚገፉት አየር ግድግዳ ሲያገኝ ዞሮ ይመጣባቸዋል። ሜዳ ላይ ጸጥ ብሎ ያንዣብብ የነበረ ሄሊኮፕተር በሁለት ሃንጋሮች መሀል ሲገባ ይናጣል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ትንንሽ አውሮፕላኖች ከሚያንዣብብ ሄሊኮፕተር የሮተሩን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል እንዲርቁ ይመክራል። ለአር 44 ይህ 30 ሜትር ነው። ጠባብ ማቆሚያ ውስጥ 30 ሜትር ከየት ይመጣል?

ታዲያ ለምን ይገባሉ? እኔ ይሉኝታ ነው እላለሁ። ኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ቸኩለዋል። ፊት ለፊት የቆመው ሠራተኛ ሁለት እጁን እያወናጨፈ «ና፣ ና» ይላል። አሁን ራቅ ብሎ ማረፍ «አልቻለም» ሊያስብል ነው። «ትናንትም ገብቻለሁ» የምትል ሐሳብም አለች። ትናንት ግን ነፋሱ ከሌላ አቅጣጫ ነበር፤ ጎረቤቱም ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ነበር የቆመው። ምልክት የሚሰጠው ሰው ቢሆን የሚያየው በቆመበት በኩል ያለውን ብቻ ነው። የሱ እጅ የአብራሪውን ኃላፊነት አይወስድለትም።

ጥፋቱን ሁሉ አብራሪው ላይ መጫንም አልፈልግም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መለኪያ፣ አንድ የሄሊኮፕተር ማቆሚያ ቢያንስ የሄሊኮፕተሩን ሙሉ ርዝመት፣ ሮተሩ እየዞረ ተለክቶ፣ 1.2 እጥፍ መሆን አለበት። ለሦስት የተሠራ ቦታ ላይ አራተኛ የሚጨምር ባለቤት ይህን ቁጥር በልቶታል። ግን ባለቤቱ ቢሮው ተቀምጧል። መሪውን የያዘውና «እምቢ» ማለት የሚችለው አብራሪው ነው።

እምቢ ማለት ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሰፊው ቦታ ላይ ማረፍ፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ሮተሩ ጸጥ እስኪል መጠበቅ። ከዚያ ሠራተኞቹ ከብረት እግሩ ሥር ትንንሽ ጎማ አስገብተው በእጅ እየገፉ ያስገቡታል፤ አንዱ ጭራውን እየጠበቀ። ተሳፋሪው ሻንጣውን እየጎተተ ትንሽ በእግሩ ይሄዳል። ምናልባት ያጉረመርማል። ያጉረምርም።