ለጣታቸው ዕድሜ ይስጥልን

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በዳንግላም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ አሮጌ መኪናውን ሰው በተሰበሰበበት አቁሞ «ቤንዚን በላችብኝ» ብሎ የተነፈሰ ሰው ያለ ሕክምና አይመለስም። ቃሉን ሳይጨርስ ኮፈኑ ይከፈታል፤ ከቡና ቤቱ በረንዳ አንድ፣ ከጎሚስታው ደጃፍ አንድ፣ ከየት እንደ መጡ የማይታወቁ ደግሞ ሁለት ሊቃውንት ይከብቡታል፤ ብይኑም ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ይሰጣል። ወረፋ የለም፣ ካርድ ማውጣት የለም፣ ክፍያ የለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤቴ የዚህ አገልግሎት ተጠቃሚ ሆኖ፣ የተመከረውን ሁሉ አስፈጽሞ፣ መኪናው ከበፊቱ ይልቅ በላተኛ ሆና ስለ ተመለሰችለት፣ ለእነዚህ የአደባባይ ሊቃውንት ተገቢው ውዳሴ በጽሑፍ እንዲደርሳቸው ማድረግን እንደ ግዴታ ቆጠርሁት።

በእርግጥ ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነች ከአፍ የሚፈልቅ ዕውቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ አቅርቦ መታረሙ ነው፤ የእኛ ሊቃውንት ግን ከዚህ አድካሚ ልማድ ነጻ ወጥተዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰገኑት መለኪያ የሚባለውን ነገር በመናቃቸው ነው። ተራ ሰው የመኪናውን ፍጆታ ማወቅ ቢፈልግ ፉል ያስሞላል፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይጽፋል፣ ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፣ እንደ ገና ፉል ያስሞላና የሄደበትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር ያካፍላል። 26.5 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ሄዳለች ማለት ነው። ሊቃውንቱ ግን በሊትር አይሠሩም፤ የሚሠሩት በብር ነው። «ድሮ የአምስት መቶ ብር ቤንዚን ሳምንት ታዘልቀኝ ነበር፤ አሁን ማክሰኞን አታልፍም» የሚል ባለመኪና ሲገጥማቸው፣ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ መምጣቱንና የሊትሩ ዋጋም ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ መጨመሩን አያነሡበትም፤ እንዲህ ያለ የተራ ሰው ማብራሪያ ለክብራቸው አይመጥንም። ዋጋው የበላውን ሞተሩ በላው ብለው ይፈርዳሉ፤ ሞተሩም ይግባኝ አይልም። ቤንዚኑ ከማደያ ሳይሆን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የተገዛ፣ ምናልባትም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ መጠየቅማ ፈጽሞ ነውር ነው።

ከእነርሱ መካከል ግን አንዱ ዓይነት ለብቻው ሊወደስ ይገባዋል፤ እርሱም ጣቱን ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚያስገባው ነው። ይህ ሰው ኮፈን አያስከፍትም፣ ሞተር አያስነሣም፤ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ጀርባ ይሄድና ጎንበስ ብሎ ሌባ ጣቱን ወደ ጭስ ማውጫው ይሰድዳል። ያወጣውን ጥላሸት ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያየዋል፣ በአውራ ጣቱ ያሸዋል፣ ወደ አፍንጫው ያቀርበዋል፣ ከዚያም ዝም ይላል። ዝምታው የሙያው ግማሽ ነው። በመጨረሻ «ካርቡራተር» ይላል፤ ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ ማለቱ ነው። ጥላሸቱ ጥቁር ከሆነ ካርቡራተር ነው፤ ግራጫ ከሆነም ካርቡራተር ነው፤ ጣቱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ካርቡራተሩ ስውር በሽታ አለበት ማለት ነው። የፒስተን ቀለበት አልቆ ዘይት እየነደደ፣ ጣቱ በዘይት ርሶ ቢወጣ እንኳ ዘይቱን ያሳሳተው ካርቡራተሩ መሆኑ አያጠራጥርም። ጣትም እንደ ባለቤቱ ማዕረግ አለው፤ ጀማሪው እስከ መጀመሪያው አንጓ ብቻ ይገባል፣ መካከለኛው እስከ ሁለተኛው ይዘልቃል፣ የአዛውንቱ ግን እስከ መዳፍ ድረስ ሰጥሞ የሞተሩን የልጅነት ታሪክ ሳይቀር ያነብባል። ይህ ጣት አይታጠብም፤ መታጠብ ማስረጃ ማጥፋት ነውና። በዚያው ጣት ስኒ ይነሣል፣ በዚያው ጣት የልጅ ጉንጭ ይዳበሳል፤ ስለዚህም ጉንጩ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት ሕፃን ሲታይ በሰፈሩ ውስጥ ቤንዚን የበላች መኪና መኖሯ ይታወቃል። አንድ ተጠራጣሪ ሊቁን ለመፈተን ዓይኑን በነጠላ ሸፍኖ የዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ አስነክቶት፣ ሊቁ ሳያመነታ «ካርቡራተሯ ወርዶ ይታጠብ፤ ከዚያ በኋላ በሊትር አሥራ ስምንት ትሄዳለች» ብሎ እንደ ፈረደ ይወራል። ዳቦ ቤቱ እስከ ዛሬ ካለበት አልተንቀሳቀሰም፤ ይህም ካርቡራተሩ ባለመታጠቡ ነው። ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር ደቀ መዛሙርት ሊመደቡለት፣ ጓንት በአዋጅ ሊከለከል፣ ጣቱም ኢንሹራንስ ሊገባለት ይገባል።

ለእውነት እንናገር ከተባለ፣ ካርቡራተር አንዳንድ ጊዜ ጥፋተኛ ይሆናል። ባሕር ዳር 1,800፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ለባሕር ጠረፍ አገር ተስተካክሎ የተሠራ ካርቡራተር በሳሳው አየራችን ከሚፈለገው በላይ ቤንዚን ይለቅቃል። መድኃኒቱ የቤንዚን ማሳለፊያውን በጠበበ መለወጥ፣ ተንሳፋፊውን ማስተካከልና ቾኩ ተጣብቆ አለመቅረቱን ማየት ነው። ሊቃውንቱ ግን «ተደፍኗል» ብለው ቀዳዳውን በሽቦ ይጎረጉሩታል። ማሳለፊያው ከነሐስ የተሠራ ለስላሳ ነገር ስለሆነ በተጎረጎረ ቁጥር ይሰፋል፣ በሰፋ ቁጥር የሚያሳልፈው ቤንዚን ይበዛል፤ ባለመኪናው እያማረረ ሲመለስም «ካርቡራተር ነው አላልንህም?» ይሉታል። በሽታውን በገዛ እጃቸው ፈጥረው ምርመራቸውን እውነት እስከ ማድረግ የሚደርስ ትጋት በየትኛው ሙያ ይገኛል?

ካርቡራተሩ ሲሰለቻቸው ወደ ቴርሞስታት ይሻገራሉ። «ይህ ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው፤ የእኛ አገር ሞቃት ነው» ብለው ያስወልቁታል፤ የጎረቤቴም የተወለቀው በዚሁ ስብከት ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዝ ትንሽ በር ነው። እርሱ ሲወልቅ ሞተሩ በሚገባው ልክ ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚኑም በሚገባ አይተንንም፤ ቤንዚኑ በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭበት የኢንጀክሽን መኪና ደግሞ ኮምፒውተሩ ገና የማለዳ ብርድ መስሎት ቤንዚን ሲጨምር ይውላል። ኢንጀክሽን መኪና ካርቡራተር እንደሌለው ለጉባኤው የሚነግር ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ ወይም ተገኝቶ ተባርሯል።

የጎረቤቴ መኪና ሕመም የታወቀው አንድ ዝምተኛ የጋራዥ ልጅ ጥቂት ነድቶ ከቆመ በኋላ አራቱንም ጎማዎች በእጁ ቀርቦ ሲዳስስ ነው። ሦስቱ ለብ ያሉ ሲሆኑ የቀኙ የኋላ ጎማ ቸርኬ ግን እጅ አያስጠጋም ነበር። በክሪክ አንሥቶ ቢያዞረው እምቢ አለው፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ስለ ተያዘ፣ መኪናዋ ለወራት ፍሬን እንደ ያዘች ስትነዳ ኖራለች። ልጁ ገመዱን ለወጠ፣ በበሩ መቃን ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንብቦ ጎማዎቹን በልኩ አስነፋ፣ የፒስታ አቧራ የጠጣውን ፊልትሮ ቀየረ፣ ቴርሞስታቱንም ወደ ቦታው መለሰ። ወሬው በረንዳው ሲደርስ ሊቃውንቱ በአንድ ድምፅ የፍሬኑን ገመድ ያደረቀው የካርቡራተሩ ሙቀት መሆኑን ገለጹ።

እስከዚህ ያለው ይሳቅበት። የዓባይ በረሃ ግን አያስቅም። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ «ማርሹን ዜሮ አድርግና ሞተሩን አጥፋ፤ በነጻ ትወርዳለህ» ብለው የሚመክሩ ሰዎች አሉ። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ከሁለት ሦስት ረገጣ በኋላ ኃይሉን ይጨርሳል፣ ፔዳሉ አልረገጥ ይላል፣ አጋዥ ያለው መሪም ይከብዳል። በማርሽ መያዝ የነበረበት ክብደት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ይግላል፣ የጋለ ሸራም አይዝም። ለምን ተብሎ? የአንዲት ትንሽ መኪና ሞተር ቁልቁለቱን ሁሉ ቤንዚን ሳይረገጥ ቢሠራ ግማሽ ሊትር ቤንዚን እንኳ አይጨርስም፤ ኢንጀክሽን መኪና ደግሞ በማርሽ ሲወርድ እግር ከቤንዚን ላይ ከተነሣ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋል። ይህን እያወቀ የሚመክር ሰው ወንጀለኛ ነው፤ ሳያውቅ የሚመክርም አፉን መዝጋት ይችል ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ሕፃናት ስለ ቤንዚን ዋጋ ማንም አላማከራቸውም።

ሊቃውንቱን የሥራቸው ነገር አያሳስባቸውም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከሉ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት ይጎተታሉ፣ ገና ብዙ ቀዳዳም ይጎረጎራል። አዲሱንም ዘመን ቢሆን በዝግጅት ነው የጠበቁት። ሰሞኑን አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት «ቻርጅ ቶሎ ያልቅብኛል» ብሎ በረንዳው አጠገብ ቢያቆም፣ ባለጣቱ ወዲያው ተነሥቶ ወደ መኪናዋ ጀርባ ዞረ። ጎነበሰ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ዳበሰ፣ ተንበርክኮም ከሥር አየ። ከዚያ ቀና ብሎ የሰውየውን ትከሻ በሐዘኔታ ይዞ፣ «አያ፣ በሽታዋን ደርሼበታለሁ፤ ጭስ ማውጫህን ሰርቀውሃል» አለው።