«ጌም ትመስላለች» ሙገሳ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

በቀደም ማታ አንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ የከተማ ጉዳይ ባለሙያ የአዲስ አበባን ኮሪደር ልማት ሊያሞግሱ ፈልገው ቃል አጠራቸው መሰለኝ፣ «አሁንማ ጌም ትመስላለች!» አሉ። አዘጋጁ ሳቀ። ሳቁ አበረታቷቸው ቀጠሉ፤ ልጆቻችን ሲቲስ ስካይላይንስ የሚባለውን የከተማ ግንባታ ጌም ቢጫወቱ ከተማ ማለት ምን እንደሆነ ይገባቸዋል፣ ስቶክሆልምን የሚያህል ከተማ እንኳ ለፕላን ተጠቅሞበታል፣ እኛ ምን ይቀርብናል አሉ። በእጄ የያዝኩት ሻይ እዚያው ቀዘቀዘ።

ጌሙን የማያውቅ ሰው ጻፈው እንዳትሉኝ አስቀድሜ ልናገር፤ እጫወታለሁ። የእህቴ ልጅ ጓደኛው በሃርድ ዲስክ ገልብጦ የሰጠው ኮፒ አለው። (ከነተጨማሪ ጥቅሎቹ ነው፤ የዶላር ካርድ የሌለው ሰው እንዲህ ነው የሚጫወተው፣ ጌሙን የሠሩት የፊንላንድ ሰዎች ይቅር ይበሉን።) መብራት ያልጠፋ ቅዳሜ ማታ ሁለታችን ላፕቶፑ ላይ ተደፍተን ሌሊት ስምንት ሰዓት ይሆናል። ደስ ይላል። ግሩም ጌም ነው። የደነገጥኩት ጠዋት ከቤት ስወጣ ሰፈሬን በዚያው ዓይን ሳየው ነው፤ «ይቺ ጥግ ብትነሣ እዚህ ጋ አደባባይ ይገባል» ብዬ አሰብኩ። ጥጓ ላይ ጎመን የምትሸጥ ሴት ተቀምጣ ነበር። እንደምን አደርክ አለችኝ።

መጀመሪያ ስቶክሆልምን እንጨርስ፣ ቀላሉ እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 ኖራ ዩርጎርድስስታደን ስለሚባለው አዲስ ሰፈር በዚህ ጌም ተጠቅመው መወያየታቸው እውነት ነው። ቦታው ከዚያ በፊት ምን እንደነበር ግን ባለሙያው አልነገሩንም። የጋዝ ፋብሪካና የወደብ መሬት ነበር። ከቤትህ ተነሥ የሚባል ሰው ሰፈር ሙሉ አልጠበቃቸውም። «እናቴን የት ላድርጋት?» ብሎ በር ላይ የቆመ የለም። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጌም መጫወት ማንን ይጎዳል? በ2016 ዓ.ም. የፈረሰችው ዶሮ ማነቂያ ግን የጋዝ ፋብሪካ አልነበረችም። ሁለቱን ለማመሳሰል የሚደፍር ባለሙያ ወይ ስቶክሆልምን አያውቅም፣ ወይ ፒያሳን አያውቅም፤ እኔ እንደጠረጠርኩት ሁለቱንም ከላይ ነው የሚያውቃቸው።

ከላይ ማለት ደግሞ ጌሙ ከሚያሳይበት ቦታ ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ የእህቴን ልጅ «እስቲ ያደግሁበትን ሰፈር እንሥራው» አልኩት። ነገርኩት፤ ከአስፋልቱ ገባ ይላል፣ መጀመሪያ ኮብልስቶን ነው፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ አጥር፣ መጨረሻው ላይ አሥራ አንድ ቤት የሚጋራው ቧንቧ። እሱም ቀጭኗን የእግረኛ መንገድ ዘረጋ። ምንም አልሆነም። ጌሙ ቤት የሚያበቅለው በመንገዱ ዳርና ዳር በሚወጡ ካሬዎች ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ካሬ ስምንት ሜትር በስምንት ሜትር ነው፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ አራት ካሬ ይቆጠራል፣ አበቃ። ከሠላሳ ሁለት ሜትር ወዲያ ሰው አይኖርም። ካሬዎቹ ደግሞ የሚወጡት መኪና ለሚሄድበት መንገድ ነው። «አጎቴ፣ እዚህ እኮ ቤት አይሠራም፤ መኪና አይገባም» አለኝ። እዚያ ተወልጄ እዚያ ጢም ያወጣሁትን ሰው!

እሱ ምን ያድርግ። የጌሙ የሽያጭ ታሪክ ራሱ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ብስክሌት አልነበረውም፤ በዚያው ዓመት በወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ጥቅል ውስጥ ለብቻ ተሸጠ። በማግስቱ ዓመት በረዶ መጣ፣ ትራም ከበረዶው ጋር ተያይዞ መጣ። ከዚያ አደጋዎች፣ ፓርኮች፣ ፋብሪካዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዓሣ ማጥመጃ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኤርፖርትን በየተርሚናሉ የሚያገጣጥም ጥቅል ወጣ። መኪና በማይገባበት መንገድ ላይ ቤት መሥራት የሚያስችለው ጥቅል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ። ሰባት ዓመት ቆይቶ! ኤርፖርቱ እግረኛውን ቀደመው። ጌሙ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቾች ራሳቸው በሠሩት ነፃ ማሻሻያ (ሞድ ይሉታል) የፈቱትን ነገር ድርጅቱ ሰባት ዓመት ቆይቶ በገንዘብ ሸጠው። ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ እጅ አልሰጠም፤ እግረኛው ሰፈር ውስጥ የጭነት መኪና ዕቃ የሚያራግፍበት ጣቢያ ካላቆምክ ሰፈሩ ይሞታል። እንጀራ በአገልግል፣ ጋዝ በትከሻ የሚገባበትን ሰፈር ጌሙን የሠራው ሰው አላየም።

አንድ ልጅ ይህን ጌም መቶ ሰዓት ተጫወተ እንበል። ዓይኑ ምን ለምዶ ይነሣል? መኪና የማይደርስበት ቤት ስህተት መሆኑን። ቤቱ አርጅቷል ወይ፣ ሰው ተጨናንቋል ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ካሬው ላይ የሌለ፣ ካርታው ላይ አይኖርም። እስቲ ይህን ዓይን ወደ ሐረር ጁገል ውሰዱት። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ የሚጠጋባት፣ አህያ እንኳ አስተውላ የምትዞርባት ከተማ። ወይ ወደ ሞሮኮዋ ፌዝ ውሰዱት፤ አሮጌው ከተማ ዛሬም ዕቃው በአህያና በበቅሎ ነው የሚገባው። እነዚህ ከተሞች ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል። ጌሙ ውስጥ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2022 ድረስ በደንቡ ሊሠሩ አይችሉም ነበር፤ ቢሠሩም ተጫዋቹ ቀይ ምልክት አይቶ በቡልዶዘር ይደመስሳቸዋል። ቡልዶዘሩ ደግሞ እንዴት ደስ እንደሚል! አንድ ጠቅታ፣ ቡን ያለ አቧራ፣ ንጹህ ሣር።

«እሳት ቢነሣስ? አምቡላንስስ?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ምጥ የያዛትን ጎረቤት በወንበር ተሸክመን አስፋልት ያደረስንበት ሌሊት አልረሳውም። ለእሳት አደጋ መኪና ስድስት ሜትር ለመክፈት ግን አንድ ሰፈር ሙሉ መንቀል እንደሚያስፈልግ ማን ነገራችሁ? የነገራችሁ ካሬው ነው።

በዚያ መተላለፊያ ሬሳ ሲወጣ ሳጥኑ ዘንበል ብሎ ነው የሚዞረው። የትኛው ጥግ ላይ፣ ወደ የትኛው ትከሻ እንደሚያዘነብል የዕድራችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ጌሙ ውስጥ ሰው ሲሞት ቤቱ ላይ የራስ ቅል ምልክት ብቅ ይላል፣ የሬሳ መኪና ይመጣል፣ ምልክቱ ይጠፋል። የሬሳ መኪናው ከዘገየ ነዋሪው ይከፋዋል። ለቀስተኛ የለም፣ ድንኳን የለም፣ ንፍሮ የለም። የዕድር ጥቅል ማን ይሸጣል? ሰፈራችን የተነሣ ጊዜ ሰዉ ሦስት የተለያየ ኮንዶሚኒየም ሳይት ተበተነ፤ ድንኳኑ አንድ ጋ ቀረ፣ ወንበሮቹ ሌላ ጋ፣ መዝገቡን የያዙት ጸሐፊ ሌላ ጋ። አሁን ሰው ሲሞት በቫይበር ነው የምንሰማው፤ ሁለት ታክሲ ቀይረን ስንደርስ ቀብሩ አልቋል። ይህን የሚለካ አረንጓዴና ቀይ መስመር ባለሙያው ስክሪን ላይ የለም።

ከጌሙ የሚጎድለው በአጋጣሚ የሚመስለው ሰው ካለ ከስካይላይንስ በፊት የነበረውን የከተማ ግንባታ ጌም፣ የሲምሲቲን ነገር ያስብ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ሲምሲቲ የነደፉት ስቶን ሊብራንዴ እውነተኛ ከተሞችን ሲለኩ የመኪና ማቆሚያው ስፋት አስደንግጧቸው፣ በልኩ ብናስገባው ጌሙ አሰልቺ ይሆናል ብለው እንደተዉት ራሳቸው ተናግረዋል። ማቆሚያው አብዛኛው ከመሬት በታች ነው ተብሎ ታለፈ። ቢያንስ አልደበቁም፣ ይመስገኑ። በዚያው ጌም ውስጥ ደግሞ ኒሳን ሊፍ የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ በነፃ ጥቅል መጣ። መብራት አይበላም፣ ውሃ አይፈልግም፣ ሠራተኛ አይወስድም፤ የጎረቤቱን ደስታ ብቻ ይጨምራል። መብራት የማይበላ ቻርጀር! ማስታወቂያ ነው፣ ይገባኛል። ግን ልጁ የሚማረው አንድ የሚያብለጨልጭ ዕቃ ስታቆም ሰፈር ደስ ይለዋል የሚል ነው። በየአደባባዩ ፏፏቴ የሚያቆሙ ሰዎች ይህን ከየት እንደተማሩት አላውቅም፣ ቋንቋው ግን አንድ ነው።

የዘር ግንዱም ቢቆጠር ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጀመሪያውን ሲምሲቲ የሠራው ዊል ራይት ሐሳብ ከወሰደባቸው ሰዎች አንዱ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሰው ጄይ ፎረስተር ነው። ፎረስተር እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው የከተማ የኮምፒውተር ሞዴል ምን ብሎ ደመደመ? ርካሽ ቤት መገንባት ከተማን ያደኸያል፣ የተጎሳቆለውን የድሃ መኖሪያ ማፍረስ ይሻላል። ሒሳቡን ሲሠራ ምክሩን የሰጠው የቦስተን የቀድሞ ከንቲባ ነበር፤ ቤታቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች ኮምፒውተሩ አጠገብ አልነበሩም። የተነሡት ሰዎች የት ሄዱ የሚለው ከሞዴሉ ድንበር ውጭ ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ ጌም ሆነ፣ ሌላ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ስካይላይንስ ሆነ፤ በእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ ሙገሳ ሆነ። የልጅ ልጅ አያቱን ባያውቅም መልኩን ይወርሳል።

«አሁን እኮ የአፍሪካ ጥቅልም አለ» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 «አፍሪካ ኢን ሚኒዬቸር» የሚል የሕንፃ ጥቅል ወጥቷል፣ ስሙን እንተርጉመው ካላችሁ «አፍሪካ በትንንሹ»። በዚያው ዓመት ሌላ ጥቅል ወጣ፣ «ብሩክሊን ኤንድ ኩዊንስ»። የአንዲት ከተማ ሁለት ክፍለ ከተሞች አንድ ጥቅል፤ አህጉሩ በሙሉ፣ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን፣ እሱም አንድ ጥቅል። የሠራውን ልጅ አልወቅስም፣ እንዲያውም ልፋቱ ይታያል፤ መደርደሪያውን የከፋፈለው ሌላ ነው። ለሁለተኛው ስካይላይንስ መጀመሪያ የታቀዱት የየአካባቢው ጥቅሎች ስምንት ነበሩ፤ አሜሪካ ሰሜን ምሥራቋና ደቡብ ምዕራቧ ተለይተው ሁለት ደረሷት፣ እኛ ዜሮ። የእኛ ልጅ ዘመናዊ ከተማ ሥራ ሲሉት የፈረንሳይ መስኮትና የጃፓን ጣሪያ መደርደሩ ታዲያ ይገርማል?

ጌም ለከተማ ፈጽሞ አይረዳም አላልኩም። ናይሮቢ ኪቤራ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም (ዩኤን-ሀቢታት) ማይንክራፍት በሚባለው የብሎክ ድርደራ ጌም ነዋሪውን ራሱን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ ሜዳቸውን አስነድፏል። እዚያ የኮምፒውተሩን ማውስ የያዘው ቧንቧው የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ነው። ባለሙያው ይህን ምሳሌ ቢያነሡ ኖሮ ሻዬን እጠጣ ነበር። አላነሡም፤ ያነሡት ስቶክሆልምን ነው።

የኮሪደሩ የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፣ አልክድም፤ እሄድበታለሁም። ከመንገዱ ዳር ግን ድሮ የማውቀው ሰው አያጋጥመኝም። ማታ መብራቱ ሲበራ፣ ድልድይ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳየው፣ እውነትም ጌም ይመስላል።

ሰፈሬን የመሥራቱን ነገር ሳልጨርሰው። የእህቴ ልጅ አልተሸነፈም፤ የእግረኛውን ጥቅል ከፍቶ መተላለፊያዬን እንደገና ዘረጋልኝ፣ የዕቃ ማራገፊያውንም አፉ ላይ አቆመ። ቤቶቹ በቀሉ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ፎቆች። «ቧንቧውስ?» አልኩት። ዝርዝሩን ወርዶ ወጥቶ ፈለገ፣ የለም። ትንሽ አሰበና የአሥራ አንዱ ቤት ቧንቧ በነበረበት ቦታ ፏፏቴ ያላት አነስተኛ ፓርክ አስቀመጠልኝ። በዙሪያዋ ያሉት ቤቶች ላይ አረንጓዴ የፈገግታ ምልክት ተከታትሎ ብቅ አለ። «አየህ አጎቴ» አለኝ፣ «ደስ ብሏቸዋል»።