እቃዎ ደርሷል

አዲስ አበባ ውስጥ የተላከ እቃ ጠፍቶ አያውቅም። ቢያንስ «ጠፋ» ብሎ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። የመስኮቱ ሠራተኛም፣ ሞተረኛውም፣ ከውጭ አገር የመጣችው የአክስቴ ጎረቤት ልጅም በአንድ አፍ የሚሉት «አለ» ነው። አለ። የት እንዳለ መጠየቅ ነገር መፈለግ ይሆንባችኋል። እቃው ባለበት ቦታ እናንተ አልተገኛችሁም እንጂ እሱማ አለ።

በሌላው ዓለም እቃ ወደ ሰው ይሄዳል ሲባል እሰማለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ነው ወደ እቃው የሚሄደው። ላኪ ይከፍላል፣ አድራሽ ይቀበላል፣ ተቀባይ ይመላለሳል።

ጥፋቱን ዛሬ ባሉት ላይ ብቻ መጫን ግን ግፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ቤት እንዲቋቋም ባዘዙ ጊዜ ቴምብሩ ፓሪስ ታትሞ መጣ። ሰባት ዓይነት ነበር፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ ዘውድ የደፋው አንበሳ። ትንሹ የሩብ ግርሽ፣ ትልቁ የ16 ግርሽ። በ1901 ደግሞ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ቴምብር አለ፣ ማኅተም አለ፣ ማኅበርተኛ አለ። የቀረው የተቀባዩ በር ብቻ ነበር፤ እሱ ይኸው እስከ ዛሬ ቀርቷል። ከቴምብሩ በፊት የነበረው እግረኛ መልእክተኛ፣ ደብዳቤውን ከተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ የሚሮጠው፣ የሚፈልገው ቤት አልነበረም፤ ሰው ነበር። ሰውየው ሰፈር ቢቀይር ጠይቆ ጠይቆ ይደርስበታል። ዛሬ ያን የሚያህል ትጋት ያለው አበዳሪ ብቻ ነው።

በር ሲታጣ ሳጥን ተገኘ። ፖስታ ሳጥን ቁጥር ማለት በትሕትና የተጻፈ ውል ነው፦ እኛ ቤትህን ልናገኘው ስላልቻልን እባክህ አንተ እኛን አግኘን። መቼም ፖስታ ቤቱን ያጣው ሰው የለም። ቸርችል ጎዳናን ይዞ የሚወርድ የሚኒባስ ረዳት ሁሉ «ፖስታ ቤት ወራጅ አለ?» እያለ ይጠይቃል። በዚህ ከተማ አድራሻው አከራክሮ የማያውቅ ቤት ቢኖር ፖስታ ቤቱ ነው።

ሳጥን ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በአንዱ ሰው ሳጥን ሥር ዘመድ ሁሉ «በእገሌ በኩል» እያለ ይጠለላል። የእኛ ቤተሰብ በአጎቴ መሥሪያ ቤት ሳጥን በኩል ነበር። የሳጥን ቁልፍ የያዘ አጎት በቤተሰቡ ዘንድ የነበረውን ማዕረግ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይቸግራል፤ ሰርግ ላይ የሚቀመጠው ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበር። ደብዳቤዎቹ እሱ እጅ ሲገቡ በአጋጣሚ ተከፍተው ይገኛሉ። «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የሚለውን ገና ከፖስታው ሳላወጣ፣ እናቴ «ልጅቷ ደህና ናት፤ ናፍቃሃለች አሉ» ትለኛለች። ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ይገባል። ይህ እንኳ የዘመኑ ፈጣን መልእክት ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ደብዳቤ የሚጽፍ ስለሌለ ጥቅል መጣ። እህቴ ከውጭ አገር አንድ ጥቅል ላከችልኝና ልወስድ ሄድኩ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ነገ እዚያው መመለሴ አይቀርም። ሠራተኛዋ መታወቂያዬን አየች፣ ጥቅሉን አየች፣ እንደገና መታወቂያዬን አየች።

«ስሙ አይገጥምም» አለችኝ።

እህቴ የጻፈችው የቤት ስሜን ነው። የቤት ስሜን እዚህ አልጽፈውም፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ይዞት የሚዞር ዓይነት ስም አይደለም። ሠራተኛዋ ግን ለራሷ አነበበችው፣ ለጎን ባልደረባዋ አነበበችላት፣ ከዚያ «የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» ብላ አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ማስረጃ ካለዎት አለችኝ። ለቤት ስም የሚሆን ማስረጃ ከየት ይመጣል? «ከወረዳ ያጽፉ።» ወረዳው እኔን የሚያውቀኝ እንዴት እንደሆነ ብታውቅ እንዲህ አትልም ነበር። መታወቂያዬ ላይ የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ የተጻፈው «አዲስ» ነው። ቁጥር አይደለም፤ አዲስ። ቤቱን የሠሩት አያቴ ናቸው። ጣሪያው ዝጎ ሁለቴ ተቀይሯል፣ ግንቡ ጎብጧል፣ በወረቀት ላይ ግን ዛሬም አዲስ ነው። በከተማው ቤቱ «አዲስ» የሆነ ሰው ስንት እንደሆነ አስቡት። ሁላችንም ጎረቤታሞች ነን ማለት ነው።

ያዳነኝ ከወረፋው ኋላ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ናቸው። አንገታቸውን አስግገው «አንተ! የእማማ ልጅ አይደለህም እንዴ?» ብለው ያንን ስም በድፍን ድምፅ ጠሩት። ሠራተኛዋ ለአፍታ አሰበችና «ይፈርሙ» አለችኝ። በሰው ምስክርነት ጥቅሌን ወሰድኩ። ውስጡ ካልሲ ነበር።

ይህን የሰለቸ ሰው በሰው እጅ ይልካል። የሚመጣ ሰው ማግኘት ቀላል ነው፤ ችግሩ መጥቶ ከገባ በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ለሁለት ሻንጣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ፈቅዶለታል፣ ዘመዱ ግን የፈቀደለት ሃያ ሦስት ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ጫማው ከነካርቶኑ አይመጣም፣ ካርቶኑ ይመዝናል። ካርቶን የሌለው ጫማ ደግሞ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለት ብልቃጥ ቫይታሚን ቢላክ አንዱን አክስት ጉልበቴን ብለው አስቀርተውታል። «አለ፣ ና ውሰድ» ይሏችኋል። የት? አያት ሰፈር፣ የከተማው ጫፍ። ከፒያሳ አያት! ባዶ እጅ አይኬድም፣ ሙዝና ብርቱካን ይገዛል። ተቀብሎ መውጣት የለም፣ ቡና ይፈላል፤ አቦል ላይ ስለ አሜሪካ ብርድ፣ ቶና ላይ ስለ ቤት ኪራይ፣ በረካ ላይ እንግዳዋ ስትመለስ ስለምትይዝላችሁ በርበሬና ሽሮ ይወራል። ለአንድ የስልክ ቻርጀር። ቻርጀሩን መርካቶ በታክሲ ሂሳቡ ታገኙት ነበር። ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን ለላኪው ፍቅር የለውም ይባላል።

እንግዲህ የቴሌግራም ገበያው ነው ይህን ሁሉ ያስረሳል የተባለው። ስልክ ላይ ተቀምጦ ማዘዝ፣ በር ላይ መቀበል። የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ አየሁ። ዋጋው «በውስጥ መስመር» ነው፤ ለምን እንደሚሸሸግ እስካሁን አልገባኝም፣ የሚሸጠው ውሃ ማፍያ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። በውስጥ መስመር ጠየቅሁ፣ ነገሩኝ፣ አዘዝኩ። ማድረሻው በነጻ። «ሞተረኛው ይደውልልዎታል» አሉኝ። ደወለ።

«ሄሎ ወንድሜ፣ እቃ ይዤልህ ነበር፤ የት ነህ?»

«ቤት።»

«ቤት የት?»

«ፒያሳ። ዶሮ ማነቂያን ታውቀዋለህ?»

«የፈረሰውን?»

«አዎ። እሱ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ…»

«ፋዘር፣ የሌለ ቦታ ጋ እንዴት ነው የሚደረሰው?»

ልክ ነው ልጁ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ቤቱ ብቻ አይደለም የሄደው፣ አድራሻችንም አብሮ ሄዷል። እኛ የፒያሳ ሰዎች መንገድ የምንጠቁመው በሙታን ነው። ከፎቶ ቤቱ ጎን፤ ፎቶ ቤቱ የለም። ከጠጅ ቤቱ ወረድ ብሎ፤ እሱም የለም። ትልቁ ግራር ያለበት፤ ተቆርጧል።

«እሺ አሁን እዚያ ምን አለ?» አለኝ።

በመስኮት አየሁ። «ሣር አለ። አግዳሚ ወንበር አለ። የመንገድ መብራት፣ የብስክሌት መንገድ…»

«ፋዘር፣ ይኼማ ከአራት ኪሎ እስከ ቦሌ ድረስ አለ!»

ልብ በሉ፣ ከወንድሜነት ወደ ፋዘርነት ያለፍኩት አንድ ጥሪ ሳያልቅ ነው። ሎኬሽን ላክልኝ አለ። ላክሁ። ኔትወርኩ እንደፈቀደለት ሄደና ቆየት ብሎ ተደወለ።

«ደርሻለሁ ፋዘር፤ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ነኝ። ቅዳሴ ላይ ነዎት?»

ስልኬ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር አሻግሮ ከደጀ ሰላሙ ጥሎኛል። በመጨረሻ ምኒልክ ሐውልት ሥር እንድንገናኝ ተስማማን፤ ከቤቴ ወጥቼ ማለት ነው፤ በነጻ ከተባለው ማድረሻ ላይ የእኔ ድርሻ። የፖስታ ቤቱ መሥራች ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔ ከሥራቸው ቆሜ ግራ ቀኝ አያለሁ። ሞተር በጮኸ ቁጥር እጄን አነሳለሁ። ሰላምታዬን የመለሱልኝ ብዙ ናቸው፤ እቃ የያዘ ግን የለም።

በልጁ አልፈርድም። በገዛ ቤንዚኑ ነው የሚሮጠው፣ የሚከፈለው ባደረሰው ልክ ነው፣ ከተማዋ ደግሞ በ2011 ሞተር ብስክሌትን ከልክላ ፈቃድ ላለው ብቻ ከፈቀደች ወዲህ ትራፊክ ፖሊሱ ከደንበኛው ቀድሞ ያስቆመዋል። ቢሆንም ቀጥሎ ያለው ነገር ይቅር የሚባል አይደለም።

«ፋዘር፣ ሌላ ኦርደር መጣብኝ። እዚያ አዲሱ ሕንፃ ጥበቃው ጋ ትቼልዎታለሁ።»

አዲሱ ሕንፃ! እንደኔ ቤት አዲስ የሆነ ሕንፃ ፍለጋ ዞርኩ። አገኘሁት። የጥበቃው ቤት መስታወት ውስጥ የውሃ ማፍያው ካርቶን ተቀምጧል፤ ስሜ፣ ስልኬ፣ በማርከር ተጽፎበታል። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጨዋ ሰው ነው።

«እቃውን የተቀበለው እኔ አይደለሁም ጋሼ። የቀን ፈረቃው ነው፣ አሁን ወጣ።»

«ይኸው እየታየኝ እኮ ነው!»

«አዎ፣ አለ» አለኝ። «ቁልፉ ግን እሱ ጋ ነው።»

መስታወቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ ቆምኩ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፤ መልእክት ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ እቃዎ ደርሷል። ስለመረጡን እናመሰግናለን። አገልግሎታችንን ከ5 ኮከብ ስንት ይሰጡታል?» ጥበቃውም ከጎኔ ሆኖ አነበበው። «አምስት ስጠው ጋሼ» አለኝ፣ «ልጁ ደክሟል።» አምስት ሰጠሁት።

ውሃ ማፍያው በማግስቱ ተገኘ፤ የቀን ፈረቃው ጥበቃ ሻይ አፍልቶ ሞክሮት፣ ጥሩ መሆኑን አረጋግጦ ነው ያስረከበኝ። እስከዚህ ድረስ ቢበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ሞተረኛው ግን ስልኬን «ፋዘር ፒያሳ» ብሎ መዝግቦት ኖሯል። በሳምንቱ ደወለ።

«ፋዘር፣ እንደምን አደሩ? እርስዎ ሰፈር የአንዲት ልጅ እቃ ነበረች። የነገረችኝ ምልክት ሁሉ ፈርሷል፤ እርስዎ አካባቢውን ያውቁታል። እርስዎ ጋ ልተውላት?»

እምቢ ማለት ነበረብኝ? ሰው ሐውልት ሥር ድረስ መጥቶ! ወርጄ ተቀበልኩ። በማግስቱ ሌላ አመጣ፣ የጎረቤት ልጅ ጫማ። ከዚያ የአንድ ጠበቃ መጽሐፍ። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ መደርደሪያ ካላስገባህ እኔ እወጣለሁ ብላለች፤ ሞተረኛው ደግሞ ኮሚሽን እናስብልዎታለን እያለ ነው፣ በውስጥ መስመር።

ዛሬ ጠዋት የጫማዋ ባለቤት ደወለችልኝ። ፍርፍር ቀርቦልኝ ገና መጀመሪያውን መጉረሴ ነበር።

«ጋሼ ይቅርታ፣ ጫማዬ እርስዎ ጋ ነው አሉኝ።»

«አለ» አልኳት።

«ሐውልቱ ጋ ቆሜያለሁ፣ የት ደረሱ?»

እንጀራውን ዋጥ አደረግኩና «መንገድ ላይ ነኝ የኔ ልጅ፣ አሥር ደቂቃ» አልኳት።